ማሽኑን ንፋስ እንዳይመታው

(ሌስኮቫች ከተማ፤ መስከረም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የስሬተን ወጥ ቤት። እንጨት በሚነድበት ምድጃ ላይ ሰፊ ድስት ተጥዷል። ተጠብሶ፣ ተልጦና ተፈጭቶ የገባ ቀይ ቃሪያ በዘይት እየተንተከተከ ነው፤ አይቫር ይባላል። ከምድጃው ጥቂት ራቅ ብሎ በጠረጴዛ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የስሬተን ባለቤት ዴሳንካ ከሞተች ነገ መንፈቋ ነው። ስሬተን ማማሰያ ይዞ ድስቱ ላይ ቆሟል። ጎረቤቱና ዛሬም «ሚዜዬ» የሚባባሉት የሠርጉ ሚዜ ቪቶሚር፣ ጡረታ የወጣ የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ካቻቢቴ ይዞ በር ላይ ይጮኻል።)

ቪቶሚር፦ መስኮቱን ዝጋ! መስኮቱን ዝጋ እያልኩህ! በሩን ከፍቻለሁ እኮ!

ስሬተን፦ በሩን ዝጋዋ።

ቪቶሚር፦ በሩን ዘግቼ በምን ልግባ?

ስሬተን፦ ከገባህ በኋላ።

ቪቶሚር፦ እስክገባስ? በርና መስኮት አንድ ላይ ተከፍቶ በመሃል የሚያልፍ ንፋስ ሰው እስኪገባ ይጠብቃል? የጎረቤታችን የኦብራድ አማት እንደዚሁ አይደል የሄደችው! ማታ ደህና ተኛች፣ ጠዋት አንገቷ አልዞር አለ።

ስሬተን፦ ዘጠና አራት ዓመቷ ነበር።

ቪቶሚር፦ ንፋስ ባይመታት ዘጠና አምስት ትሞላ ነበር!

(ስሬተን ሄዶ መስኮቱን ይዘጋል። ይህን ክርክር ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲከራከር ኖሯል፤ አንድ ቀን ረትቶ አያውቅም። ቪቶሚር ገብቶ በሩን በጀርባው ይገፋና አንገቱን ግራና ቀኝ አዙሮ ይሞክራል። ይዞራል።)

ቪቶሚር፦ (በካቻቢቴው ኮምፒውተሩን እየጠቆመ) እሺ፣ በሽተኛው እንዴት ዋለ?

ስሬተን፦ እንደ ትናንቱ። አምና አይቫር ስንሠራ የተቀረጸው ፊልም ይጀምራል፤ ዴሳ ቃሪያውን ትፈጫለች፤ ዘይቱን ትጨምራለች፤ ማሰል ታደርጋለች። ከዚያ እኔ ጨው ይዤ እመጣለሁ። ይሄኔ ማሽኑ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከዚያ ድርግም።

ቪቶሚር፦ ጨው የምትጨምረው ራስህ አይደለህ እንዴ?

ስሬተን፦ ሁሌም እኔ ነኝ።

ቪቶሚር፦ አንተ ሰውዬ! ታዲያ ፊልም ምን ያደርግልሃል? ስንት ነበር የምትጨምረው?

ስሬተን፦ ይበቃሃል እስክትለኝ።

ቪቶሚር፦ መቼ ነበር ይበቃሃል የምትልህ?

ስሬተን፦ እሱን እኮ ነው ማየት የፈለግሁት።

ቪቶሚር፦ መጽሐፍ ላይ አለ! ለአንድ ኪሎ ቃሪያ ይህን ያህል ግራም ተብሎ ተጽፏል። ሳይንስ ነው።

ስሬተን፦ የመጽሐፉን ሌስኮቫች ውስጥ ማንም ይሠራዋል። በቀብሩ ቀን እህቷ ምን እንዳለች አልሰማህም? «ከእንግዲህ የዴሳን አይቫር አንቀምስም» ብላ አለቀሰች። ትቀምሻለሽ አልኳት።

ቪቶሚር፦ ለምን አልካት?

ስሬተን፦ ታለቅስ ነበራ።

(ስሬተን ያማስላል።)

ቪቶሚር፦ ነገ ነው የምትመጣው?

ስሬተን፦ ነገ። ከቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብሩ፣ ከመቃብሩ ወደዚህ።

ቪቶሚር፦ እንግዲያው ብልጥ እንሁን። ፊልሙን ወደፊት ግፋው። ቃሪያው ሲፈጭ ምን አስቀመጠህ? ጨው ላይ ጀምር።

ስሬተን፦ እያወራች እኮ ነው።

ቪቶሚር፦ እና?

ስሬተን፦ ሰው እያወራ ይዘለላል?

(ቪቶሚር ካቻቢቴውን ያገላብጣል።)

ቪቶሚር፦ በል እንጀምር። ተማር። ፕሮሰሰር ማለት የዚህ ማሽን ሞተር ነው። ሲሠራ ይግላል። ፊልም ሲያሳይ ደግሞ አቀበት እንደሚወጣ መኪና ነው፤ የባሰ ይግላል። ከመጠን ሲያልፍ እንዳልቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ገባህ?

ስሬተን፦ አልተበላሸም ማለት ነው?

ቪቶሚር፦ አልተበላሸም። ሞቆታል።

ስሬተን፦ መኪና ሲግል አንተ ምን ታደርግ ነበር?

ቪቶሚር፦ ተማሪው ላይ እጮኽ ነበር።

ስሬተን፦ ከዚያ ይቀዘቅዛል?

ቪቶሚር፦ ከዚያ ራዲያተሩ ላይ ውሃ... አስቀምጥ! ኩባያውን አስቀምጥ! ይሄ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው!

(ስሬተን ኩባያውን አይቶት ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል።)

ቪቶሚር፦ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው እላዩ ላይ?

ስሬተን፦ ዳንቴል።

ቪቶሚር፦ ዳንቴል መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል? የሙቀት መውጫ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖታል እኮ! እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ እንዴት አይሞቀው!

ስሬተን፦ ዴሳ ናት የሠራችለት። በልኩ ነው።

ቪቶሚር፦ በልኩ መሆኑ ነዋ ችግሩ! ትንሽ እንኳ ጎደል ቢል አንድ ቀዳዳ ይተርፈው ነበር።

ስሬተን፦ ቴሌቪዥኑም አለው። ራዲዮኑም አለው። እሱ ብቻ ራቁቱን ይቀመጥ?

(ድስቱ ፍትክ ይላል። ስሬተን እጁን በሽርጡ ይጠርግና ዳንቴሉን በጫፍና ጫፉ ይዞ ያነሳዋል። አያራግፈውም። እንዳለ አጥፎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ንጹሕ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያኖረዋል።)

ስሬተን፦ ለጊዜው ነው።

ቪቶሚር፦ ለጊዜው ነው፣ ሚዜዬ።

(ቪቶሚር ሶኬቱን ነቅሎ ብሎኖቹን ይፈታል። የሳጥኑን ጎን ሲያነሳው ግራጫ ነገር እግሩ ላይ ይወድቃል። ወደ ኋላ ይዘላል።)

ቪቶሚር፦ ምንድን ነው እሱ? አይጥ ነው?

ስሬተን፦ ጠጉር ነው። ድመቷ ክረምቱን ከኋላው ነው የምትተኛው። ይሞቃታል።

ቪቶሚር፦ እዚህ ውስጥ ያለው ጠጉር ሌላ ድመት ይወጣዋል! ማራገቢያው አቧራ ለብሶ ካባ ደርቧል። ብሩሽ አምጣ።

(ስሬተን ወጥቶ በኖራ የደረቀ ትልቅ የግድግዳ ብሩሽ ይዞ ይመለሳል።)

ቪቶሚር፦ ማሽን ነው የምንጠርገው ወይስ ገዳም ነው የምንቀባው?

ስሬተን፦ ብሩሽ አልክ።

ቪቶሚር፦ ትንሽ ብሩሽ! እንቁላል የምትቀቡበትን! ዳቦ ላይ!

ስሬተን፦ እሱ የምግብ ነው።

ቪቶሚር፦ አዲስ እገዛልሃለሁ!

(ትንሹ ብሩሽ ይመጣል። ስሬተን አንድ እጁን ማማሰያው ላይ እንዳደረገ አንገቱን አስግጎ ያያል። ቪቶሚር ጠርጎ ሲጨርስ ማራገቢያውንና ከሥሩ ያለውን ወፍራም ብረት ያነሳል።)

ቪቶሚር፦ እይ። ይሄ ነው ፕሮሰሰሩ።

ስሬተን፦ ይሄ? ይቺ?

ቪቶሚር፦ ምን ጠብቀህ ነበር?

ስሬተን፦ እንደሚጮኸው መጠን ትልቅ መስሎኝ።

ቪቶሚር፦ በእሱና በብረቱ መሃል ፔስት ይቀባል፤ ሙቀቱን የሚያሻግረው እሱ ነው። ያንተ ደርቆ ልስን ሆኗል። በአልኮል መጠረግ አለበት። ንጹሕ አልኮል ያስፈልገናል፤ ፋርማሲው ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።

(ስሬተን ከቁም ሳጥኑ ሥር ስም የሌለው ጠርሙስ ያወጣል።)

ስሬተን፦ የወንድሜ ራኪያ ነው። የፕለም አረቄ። ዳግም የወጣ።

ቪቶሚር፦ (ይቀምሳል) ይሆናል። (ደግሞ ይቀምሳል) እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።

ስሬተን፦ ለፕሮሰሰሩስ?

ቪቶሚር፦ ይደርሰዋል።

(ስሬተን ለሁለቱም በመለኪያ ይቀዳል። አያጋጩም፤ በሙት ስም ሲጠጣ ብርጭቆ አይጋጭም። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አድርገው ወለሉ ላይ ያፈሳሉ። «ነፍስ ይማር» ይላል አንዱ፤ «ይማር» ይላል ሌላው። ከዚያ ቪቶሚር ጥጥ ነክሮ ፕሮሰሰሩን እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀስ እያለ ይጠርጋል።)

ስሬተን፦ ምን ይላል?

ቪቶሚር፦ ማን?

ስሬተን፦ ፕሮሰሰሩ። ሁለቴ የወጣ ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል።

ቪቶሚር፦ ዝም ብለህ አማስል። (ከኪሱ ትንሽ ቱቦ አውጥቶ ይጨምቃል) አዲሷ ፔስት ይህን ታክላለች። የምስር ፍሬ። ብትበዛ ትፈሳለች፣ ብታንስ አታሻግርም።

ስሬተን፦ በስንት ግራም?

ቪቶሚር፦ የምን ግራም? በዓይን ነው! ሻጩ አሳይቶኛል።

ስሬተን፦ እኔም እኮ በዓይን ነው የምለው።

ቪቶሚር፦ ያንተ ጨው ነው! ይሄ ቴክኖሎጂ ነው!

(ብረቱን መልሶ ያስራል። ከያዘው ካርቶን አዲስ ማራገቢያ ያወጣል።)

ቪቶሚር፦ አሁን ዋናው። እስከዛሬ ያለህ አንድ ማራገቢያ ነው፤ ትኩሱን አየር እዚያው ሲያሽከረክር ይውላል። ይህን ፊት ለፊቱ አስረዋለሁ። ቀዝቃዛው አየር ከፊት ይገባል፣ ትኩሱ ከኋላ ይወጣል።

ስሬተን፦ ከፊት ገብቶ ከኋላ ይወጣል?

ቪቶሚር፦ አዎ።

ስሬተን፦ በመሃል እያለፈ?

ቪቶሚር፦ ቁም ነገሩ በመሃል ማለፉ ነው።

ስሬተን፦ በርና መስኮት በለኛ።

(ቪቶሚር ካቻቢቴውን ያቆማል።)

ቪቶሚር፦ አይደለም።

ስሬተን፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ቪቶሚር፦ ማሽን ንፋስ የሚገባበት ኩላሊት የለውም።

(ሳጥኑ ይዘጋል፤ ሶኬቱ ይሰካል፤ ማሽኑ ይነሳል። ድምፁ ከበፊቱ ረጋ ያለ ነው። ቪቶሚር በስክሪኑ ጥግ የሙቀቱን ቁጥር ያወጣና እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ስሬተን ፊልሙን ይከፍታል። የአምና መስከረም፣ ይኸው ወጥ ቤት፣ ይኸው ድስት። ዴሳንካ እጅጌዋን ሰብስባ ቃሪያ ትፈጫለች።)

ቪቶሚር፦ አርባ ስምንት! ትናንት ሲነሳ ስንት ነበር? አታውቅም። ሰባ ነበር!

ስሬተን፦ ዝም በል፣ እያወራች ነው።

ዴሳንካ፦ (በፊልሙ) ዘሩ ከቀረበት ይመራል። ስሬተን፣ ዘሩን በደንብ አውጣ፣ ሰው ይበላዋል።

ስሬተን፦ (ለስክሪኑ) አውጥቻለሁ።

ቪቶሚር፦ ሃምሳ ስድስት። ጥሩ ነው። ስልሳ ሦስት። ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጤነኛ ነው። ሰባ አንድ።

ስሬተን፦ ጤነኛ ነው?

ቪቶሚር፦ አቀበት ላይ ነዋ። ሰባ ዘጠኝ። ምን ሆኗል ይሄ ነገር? ሰማንያ አራት!

(ማሽኑ ቁና ቁና መተንፈስ ይጀምራል። ስሬተን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል የፊልሙን ማቆሚያ ይጫናል። ዴሳንካ ዘይት እንደያዘች ትቆማለች።)

ቪቶሚር፦ አይገባኝም። ዳንቴሉን አነሳን። ጠጉሩን ጠረግን። ፔስት ቀባን። አዲስ ማራገቢያ ነው!

ስሬተን፦ ቪቶ፣ ከፊት የሚገባው አየር ከየት ነው?

ቪቶሚር፦ ከየት ይሆናል? ከቤቱ።

ስሬተን፦ ቤቱስ?

(ሁለቱም ዙሪያቸውን ያያሉ። የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ታውሯል። የቪቶሚር ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ምድጃው ውስጥ እንጨት ይንጣጣል።)

ቪቶሚር፦ ምድጃውን አጥፋው።

ስሬተን፦ ግማሽ የበሰለ አይቫር አይጠፋም። ይበላሻል።

ቪቶሚር፦ ማሽኑን ሳሎን እንውሰደው።

ስሬተን፦ ድስቱን ከተውኩት ያራል። ስትናገር ደግሞ እዚህ መሆን አለብኝ።

ቪቶሚር፦ እኔ ላማስልልህ።

(ስሬተን ማማሰያውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል።)

ቪቶሚር፦ እሺ፣ አላማስልም።

ስሬተን፦ መስኮቱ አለ።

ቪቶሚር፦ መስኮት ብቻውን ምን ይሠራል? የሚወጣበት ካላገኘ አየር አይገባም። ትኩሱ እንዲወጣ በሩም... (ያቆማል)

ስሬተን፦ በሩም?

ቪቶሚር፦ ምንም አላልኩም።

ስሬተን፦ ብለሃል። ከፊት ገብቶ ከኋላ።

ቪቶሚር፦ ሁለቱን አንድ ላይ? እንዲህ አልቦኝ? ሚዜዬ፣ ነገ የሁለት ሰው ፍትሐት ልታደርግ ነው?

ስሬተን፦ አንተ ውጣ። እኔ ብቻዬን እቆማለሁ።

ቪቶሚር፦ ቁጥሩን ማን ያነባል?

ስሬተን፦ ማንም።

(ቪቶሚር ይነሳል። በሩን ያያል፤ ስክሪኑ ላይ ዘይት እንደያዘች የቆመችውን ዴሳንካን ያያል። ከማንጠልጠያው የስሬተንን የክረምት ኮፍያ ያወርዳል። ወገቡን በፎጣ ይጠመጥማል። አንገቱን በሻርፕ ያስራል። ጥጥ ራኪያ ነክሮ ጆሮው ውስጥ ይከታል። በርና መስኮቱ መሃል ወንበር ስቦ እንደ ተፈረደበት ሰው ይቀመጣል።)

ቪቶሚር፦ ክፈት።

(ስሬተን ይከፍታል። መጋረጃው ይነሳል። እንፋሎቱ በበሩ ተግተልትሎ ይወጣል።)

ስሬተን፦ ስንት ነው?

ቪቶሚር፦ እየሞትኩ ነው።

ስሬተን፦ ቁጥሩን።

ቪቶሚር፦ ሰባ አምስት። ግራ ኩላሊቴ ላይ ገብቷል። ስልሳ ዘጠኝ። ወደ ቀኙ ተሻገረ። ስልሳ ሁለት!

(ስሬተን ፊልሙን ያስቀጥላል። የጨው ከረጢቱን አንስቶ ድስቱ ላይ ይዘጋጃል። በፊልሙ ውስጥም እጁ ጨው ይዞ ከጎን ይገባል። እስከዛሬ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነበር። አይጠፋም። ስሬተን የፊልሙን እጅ እያየ፣ እኩል ከሱ ጋር መጨመር ይጀምራል። ከካሜራው ጀርባ የቪቶሚር የራሱ ድምፅ ይሰማል።)

የቪቶሚር ድምፅ፦ (በፊልሙ) ...ጨው ደግሞ ዴሳ፣ የባሕር ጨውና የድንጋይ ጨው አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድንጋዩን ብትወስጂ፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከባሕሩ ይልቅ...

ዴሳንካ፦ (በፊልሙ) ኧረ ይበቃሃል!

(ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ስሬተን ከረጢቱን ያስቀምጣል። ያማስላል። ከማማሰያው ጫፍ ይቀምሳል። ወደ መስኮቱ ይዞራል።)

ቪቶሚር፦ ምን ሆነ? በዛ? አነሰ?

(ስሬተን ማማሰያውን ያቀብለዋል። ቪቶሚር ይቀምሳል። ኮፍያውን ያወልቃል።)

ቪቶሚር፦ እሷ ናት።

ስሬተን፦ እሷ ናት።

ቪቶሚር፦ እህቷ ትምጣ! ማሽኑን ባላቀዘቅዘው ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር? ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ነው፣ ተመልከት!

ስሬተን፦ አንዴ ወደ ኋላ መልሰው። ይበቃሃል ያለችበት ላይ።

ቪቶሚር፦ አሁን መዝለል ተፈቀደ?

ስሬተን፦ ተናግራ ጨርሳለች።

(ቪቶሚር ይመልሰዋል። «ኧረ ይበቃሃል!» ትላለች ዴሳንካ። ስሬተን ወደ ስክሪኑ ቀረብ ይላል። እንደገና ያስመልሰዋል።)

ስሬተን፦ ድስቱን አላየችም።

ቪቶሚር፦ እ?

ስሬተን፦ ይበቃሃል ስትል። ድስቱን አላየችም፣ እጄንም አላየችም። ዓይኗን ተመልከት። ቀጥ ብላ ወደዚህ ነው።

ቪቶሚር፦ ወደ ካሜራው።

ስሬተን፦ ወደ ካሜራው።

ቪቶሚር፦ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስሬተን፦ አንተ ነህ።

(ድስቱ ፍትክ ይላል። ቪቶሚር ከጆሮው ጥጡን ያወጣል፤ የሰማውን በደንብ ለመስማት ይመስላል።)

ቪቶሚር፦ ይቺ የአምና ናት። በሌላውስ ዓመት?

ስሬተን፦ በሌላው ዓመት አይቫር ሲሠራ የት ነበርክ?

ቪቶሚር፦ እዚሁ። ወንበሩ ላይ።

ስሬተን፦ ምን ትሠራ ነበር?

ቪቶሚር፦ (ቀስ ብሎ) ስለ ጨው አስረዳ ነበር።

ስሬተን፦ እሷ ይበቃሃል ስትል እኔ አቆም ነበር።

ቪቶሚር፦ እኔ ግን አቁሜ አላውቅም።

ስሬተን፦ የለም፣ አላቆምክም።

(ቪቶሚር ወገቡ ላይ ፎጣ እንደታሰረ ይቀመጣል። በርና መስኮቱ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ንፋሱ በመሃላቸው ያልፋል፤ ማንም አላስታወሰውም።)

ቪቶሚር፦ እንግዲህ ከርሞ አንተ ጨው ትይዛለህ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አስረዳለሁ። ግን ሚዜዬ፣ ማን ይበቃሃል ይለኛል?

ስሬተን፦ (እያማሰለ) እኔ እልሃለሁ። ዕድሜ ልኬን ልልህ አፌን ስከፍት እሷ ትቀድመኝ ነበር።